መጀመሪያ ማይኩን ስሙት

ለጌም ብዬ የገዛሁት የመጀመሪያው ሄድሴት (ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ) ሲታይ በጣም ያምር ነበር። ጆሮው ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይበራል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «7.1» ተጽፎበታል፤ ድምፁን ከየአቅጣጫው ያሰማል ለማለት ነው። ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ በ1,800 ብር ወሰድኩት። የዚያኑ ዕለት ማታ ከጓደኞቼ ጋር ካውንተር ስትራይክ 2 የሚባለው የተኩስ ጌም ውስጥ ገባን። ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ እኔ እዚህ ጎንደር ማራኪ ነን። ለእኔ ጆሮ ድምፁ ቆንጆ ነበር። ችግሩን የነገረኝ የባሕር ዳሩ ልጅ ነው።

«ወንድሜ፣ እናንተ ሰፈር ወፍጮ ቤት ተከፈተ እንዴ?»

ወፍጮ የለም። ማይኩ ነው። ከድምፄ ጋር «እምምም» የሚል ነገር ሳያቋርጥ ይልክ ነበር። «ሁለት ሰው በግራ መጣ» ስል ግራ ይሁን ቀኝ አይለዩም። እንዲህ ሆነን ሦስት ሳምንት ተጫወትን። በኋላ ሳይነግሩኝ ድምፄን እየዘጉ ይጫወቱ እንደነበር አወቅኩ። ከልቤ አዘንኩ። አብረን ያደግን ልጆች ነን፤ አሁን የምንገናኘው በዚህ ብቻ ነው። ለእኔ የጌሙ ግማሽ ጨዋታው ነው፣ ግማሹ ወሬው።

መፍትሔው የመጣው መብራት ሲጠፋ ነው። ላፕቶፑ በባትሪ፣ ኢንተርኔቱ በስልኬ ዳታ ስለነበር ጨዋታው አልተቋረጠም። ወዲያው ሦስቱም «አሁን ጥርት አልክ!» አሉኝ። መብራቱ ሲመጣ እምምታው አብሮ ተመለሰ። ቻርጀሩን ነቀልኩት፣ ጠፋ። ሰካሁት፣ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ቤት ሶኬት የመሬት ሽቦ የለውም። ቻርጀሩ ከሚያሾልካት ትንሽ ኤሌክትሪክ የተነሳ በተለመደው ክብ ጃክ የሚሰካ ማይክ ይረበሻል፤ ምክንያቱም ከማይክ የሚወጣው ምልክት እጅግ ደካማ ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ብዙ እጥፍ አጉልቶ ነው የሚቀበለው። ሲያጎላው ረብሻውም አብሮ ይጎላል። በዩኤስቢ የሚሰካ ሄድሴት ግን የራሱ ትንሽ የድምፅ ካርድ አለው። ድምፁን ወደ ቁጥር የሚቀይረው እዚያው ገመዱ ላይ ስለሆነ ረብሻው በጣም ይቀንሳል። ቤታችሁ አሮጌ ከሆነና ሶኬቱ ላይ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ዩኤስቢ ውሰዱ። እኔ ይሄን ባውቅ 1,800 ብሬን አላወጣም ነበር።

ሌላ ከመግዛቴ በፊት ግን የእህቴን የብሉቱዝ ሄድሴት ሞክሬያለሁ። ሙዚቃ ሲከፈትበት ግሩም ነው። ማይኩ ሲከፈት ግን ነገሩ ይገለበጣል። የተለመደው ብሉቱዝ ጥሩ ድምፅና ማይክ አንድ ላይ ማስተላለፍ ስለማይችል ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት ድምፅ ይወርዳል። ቀኝና ግራ ይጠፋል። በዚያ ላይ ይዘገያል፤ ተኩሱን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው በጆሮዬ የምሰማው። ገመድ አልባ የግድ ካላችሁ የራሱ ትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ ያለውን፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራውን ፈልጉ። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ቻርጅ ማድረጉም አለ።

ለሁለተኛው ግዢ ላፕቶፔን ተሸክሜ ሄድኩ። የሱቁ ባለቤት ትልቅ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ካርቶን አይከፈትም አሉኝ። «ጋሼ፣ ድምፁን ሳልሰማ ገዝቼ አንዴ ተቃጥያለሁ» ስላቸው ለማሳያ ያስቀመጧቸውን ሦስት ሄድሴቶች አወጡልኝ። እግዜር ይስጣቸው። በሦስቱም አንድ ዓይነት ነገር ቀዳሁ። መጀመሪያ አምስት ሰከንድ ዝም። ቀጥሎ «ጠላት ከፎቁ ጀርባ ነው፣ ቦምብ ጣል፣ ጨርሰው»። ዝምታው የማይኩን የራሱን ሽሽታ ያሳያል። ጠ፣ ጨ እና ፈ ደግሞ የአማርኛ ፈተና ናቸው፤ ደካማ ማይክ ላይ እንደ ጥይት ይፈነዳሉ። በር ላይ የሚያልፈው ባጃጅም ጠቀመኝ። አንደኛው ማይክ ባጃጁን ከእኔ እኩል ቀዳው። እሱን ወዲያው መለስኩት።

ያ የሆነው ማይኩ ከየአቅጣጫው የሚቀበል ዓይነት ስለነበር ነው። ካርቶኑ ላይ «ኦምኒ» የሚል ካለ እንዲህ ያለው ነው። «ካርዲዮይድ» ወይም «ዩኒዳይሬክሽናል» የሚለው ግን በዋናነት ከፊት ያለውን ይሰማል፣ ከኋላ የሚመጣውን ያሳንሳል። ቤተሰብ በሞላበት ቤት ለሚጫወት ሰው ትልቅ ልዩነት ነው።

ካርቶን ላይ የሚጻፍ ሁሉ ግን አያጓጓችሁ። «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚለው ሁሉም ላይ አለ፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው መጠን ነው። 7.1 የተባለውም ውስጡ ብዙ ጊዜ ሁለት ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው፣ የቀረውን የሚሠራው ሶፍትዌር ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 ራሱ ድምፁን ለሁለት ጆሮ አስልቶ ይልካል። ላዩ ላይ ሌላ 7.1 ሲጨመርበት የእግር ኮቴው ከየት እንደመጣ ይደበላለቃል። ሳጠፋው ነው ቀኝና ግራን በደንብ መለየት የጀመርኩት።

ክብ ጃክ ያለውን ከመረጣችሁ ጫፉን እዩ። ሦስት ጥቁር ቀለበት ካለው ማይክም ድምፅም በአንድ ጃክ ይሄዳል፤ ለአብዛኛው ላፕቶፕ ይሆናል። ሁለት ለየብቻ የሆኑ ጃኮች ካሉት፣ ላፕቶፓችሁም አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው፣ ማገናኛ ገመድ ያስፈልጋችኋል።

መነጽር አደርጋለሁ፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አጥልቄ ቡና ጠጣሁ። አንደኛው በአሥር ደቂቃ ውስጥ የመነጽሬን እግር ጆሮዬ ላይ ማስጨነቅ ጀመረ። የወሰድኩት ጆሮው ላይ ጨርቅ ያለውን፣ ቀለል ያለውን ባለ ዩኤስቢ ነው። መብራት የለውም።

አሁን ማይኩን ከአፌ ጥግ ሁለት ጣት አርቄ አስቀምጠዋለሁ። ትንፋሼ በቀጥታ አያገኘውም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የምናወራበት መተግበሪያ፣ ዲስኮርድ ላይ ያለውን የጩኸት ማጥፊያ እከፍታለሁ። ሌላ ጊዜ አጠፋዋለሁ፤ የቃል መጨረሻ ይቆርጣል። እናቴ ቡና ስትወቅጥ ግን አሁንም ትንሽ ይሰማል። የአዲስ አበባዎቹ ልጆች ሙቀጫውን ሲሰሙ ጨዋታውን ትተው «ለእማማ ሰላም በልልን» ይላሉ። እሱን ለማጥፋት አልሞከርኩም።