ሁለት የፈረስ ጉልበት ስንት ነው? ለመጋዝ ጠረጴዛዬ ሞተር ስመርጥ የተማርኩት

የመጋዝ ጠረጴዛው እግርም ሆነ የላይኛው ብረት አልቋል፤ የቀረው ሞተሩ ነው። «ሁለት የፈረስ ጉልበት ይበቃሃል» የሚለውን ምክር ከብዙዎቻችሁ ሰምቻለሁ። ገበያ ሲወጣ ግን ሁለት የፈረስ ጉልበት የሚባለው ነገር ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። መርካቶ ውስጥ አንዱ ነጋዴ ለማንሳት ወገብ የሚፈትን ጥቁር ሞተር ያሳያል፤ ጎረቤቱ በአንድ እጅ የሚያዝ ክብ መጋዝ አውጥቶ «ይህ እንዲያውም ሦስት ፈረስ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ዕቃው ላይ የተጻፈውን ነው፤ ማንም ዋሽቷል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ማጣራት ያዝኩ።

መለኪያውን ያመጣው ጄምስ ዋት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንፋሎት ሞተሩን የሚሸጥላቸው ሰዎች ሥራቸውን በፈረስ የሚያሠሩ ስለነበሩ፣ አንዱ ሞተር የስንት ፈረስ ሥራ እንደሚሠራ መንገር ነበረበት። ያወጣው ስሌት ዛሬ 746 ዋት ገደማ የምንለው ነው። በሜትሪክ የሚቆጥሩ አገሮች 735 ዋት ተኩል ይሉታል፤ ልዩነቱ ለእኛ ሥራ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ ጄምስ ዋት ያሰላው ፈረስ ሳያቋርጥ እየዞረ ለሰዓታት የሚሰጠውን ጉልበት ነው። ያው ፈረስ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ጎትት ቢባል እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ፈረሱ ራሱ ሁለት ቁጥር አለው፤ ሻጭ የትኛውን ካርቶን ላይ እንደሚያትም መገመት አይከብድም።

ዘመዶች ከአሜሪካ የሚልኳቸውን የወርክሾፕ አቧራ መምጠጫዎች ያያችሁ ታውቃላችሁ። በርሜሉ ላይ በትልቁ 6.5 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ይጻፋል። ከታች ያለው ታርጋ ደግሞ 120 ቮልት፣ 12 አምፔር ይላል። ሁለቱን ስታባዙ 1440 ዋት ይመጣል፤ ሁለት ፈረስ እንኳ አይሞላም፣ ያውም ይህ ከሶኬቱ የሚገባው እንጂ ከሞተሩ የሚወጣው አይደለም። 6.5 የፈረስ ጉልበት ማለት ግን 4850 ዋት ገደማ ነው፤ የአሜሪካ ተራ ሶኬት በ15 አምፔር የሚሰጠው 1800 ዋት ብቻ ነው። የቀረው ከየት መጣ? በላቦራቶሪ፣ ለቅጽበት፣ የሚሽከረከረው አካል ያጠራቀመውን ጉልበት ጭምር ደምረው የሚያገኙት ቁጥር ነው። በሥራ ላይ ሞተሩ እዚያ እንደማይደርስ አምራቾቹ ራሳቸው በደቃቅ ፊደል ይጽፉታል። ደቃቁን ፊደል ማን ያነባል?

አሁን ወደ ጥቁሩ ሞተር። ታርጋውን በጨርቅ ጠርጌ ሳነበው እንዲህ ይላል፦ 1.5 ኪሎ ዋት፣ 220 ቮልት፣ 9.4 አምፔር፣ 50 ኸርዝ፣ 1400 ዙር በደቂቃ፣ ኮሳይን ፋይ 0.95 (ከቮልትና ከአምፔር ብዜት እውነተኛ ዋት የሚሆነው ድርሻ)፣ የሽፋን ደረጃ ኤፍ (የሽቦው ሽፋን ሙቀት የሚችልበት ደረጃ)፣ ኤስ 1። 1.5 ኪሎ ዋቱ ከዘንጉ ላይ የሚገኝ ጉልበት ነው፤ ይህም ሁለት የፈረስ ጉልበት ነው። ከሶኬት የሚገባውን ለማወቅ 220ን በ9.4 እና በ0.95 አባዛሁት፤ 1965 ዋት ሆነ። ከገባው 76 በመቶ ያህሉ ሥራ ይሆናል፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሒሳቡ ስለሚገጥም ታርጋውን አምናለሁ። ፈረሱ፣ ዋቱና አምፔሩ ካልተስማሙ ግን ፈረሱን ሳይሆን አምፔሩን እመኑ፤ ለገመዱና ለብሬከሩ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች ላይ የሚጻፈው ዋት አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ነው። ካርቦን ያላቸው ሞተሮች ከገባው ግማሹን ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ብቻ ወደ ዘንጉ ያደርሳሉ፤ ስለዚህ «1500 ዋት» የተባለ ክብ መጋዝ በሥራ አንድ ፈረስ ነገር ነው። አንዳንድ አምራቾች ፒ 1 እና ፒ 2 ብለው ሁለቱንም ይጽፋሉ፤ የመጀመሪያው የሚገባው፣ ሁለተኛው የሚወጣው ነው። እንዲህ ያለ ታርጋ ሳይ ደስ ይለኛል።

ክብደቱስ ለምን ይህን ያህል ተለያየ? ይህ ጥያቄ ብዙ አቆይቶኛል፤ መልሱ ግን በአንዲት ቀመር ውስጥ አለ፦ ቶርክ (ዘንጉን የሚጠመዝዘው ኃይል) በኒውተን ሜትር ማለት 9550 ሲባዛ በኪሎ ዋት፣ ሲካፈል በዙር ነው። ጥቁሩ ሞተር በ1400 ዙር 10 ኒውተን ሜትር ያህል ይሰጣል። በ2800 ዙር የሚሠራ እኩል ጉልበት ያለው ሞተር ግማሹን፣ 5 ብቻ ይሰጣል። በደቂቃ 11000 የሚዞር ግራይንደር ከግማሽ ኪሎ ዋት 0.43 ብቻ ነው የሚያወጣው። ብረትና መዳብ የሚበዛው ለቶርክ ነው፤ ፍጥነቱ ከጨመረ ያው የፈረስ ጉልበት ትንሽ አካል ውስጥ ይገባል። ትንሹ ሞተር በትልቅ ድምፅ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ወደ ኤስ 1 እንመለስ። ኤስ 1 ማለት ሞተሩ ያንን ጉልበት ሳያርፍ ይሰጣል ማለት ነው። ብዙ የአናጺ ማሽኖች ላይ ግን ኤስ 6፣ 40 በመቶ የሚል ታገኛላችሁ፤ ከአሥር ደቂቃ ውስጥ አራቱን ሸክም ይዞ፣ ስድስቱን ባዶውን ይዞራል ማለት ነው። ለመጋዝ ይህ አግባብ ነው፣ ማንም አሥር ደቂቃ ሙሉ እንጨት አይገፋም። ለእህል ወፍጮ ግን አይሆንም። የሞተር ቁጥር በመጨረሻው የሙቀት ቁጥር ነው፦ የሽቦው ሽፋን ሳይቃጠል ምን ያህል ጊዜ ይችላል የሚል።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚመለከት ነገር አገኘሁ። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ታርጋው የሚጻፈው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1000 ሜትርና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ 2300 ሜትርን ያልፋል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን በደንብ አያበርድም። ሆኖም ደጋው ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ለኤፍ ደረጃ ሽፋን 2000 ሜትር ላይ አካባቢው ከ30 ዲግሪ፣ 3000 ሜትር ላይ ከ19 ዲግሪ ካልበለጠ ሙሉውን ጉልበት መጠየቅ ይቻላል፤ አዲስ አበባ በመካከል ነች፣ ስለዚህ ብዙም አያሳስበኝም። የቤንዚን ጄኔሬተር ግን የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ፣ እዚህ ከተጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በጄኔሬተር የምትሠሩ ይህን አስቡበት።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የምሽቱ ቮልቴጅ ነው። ቶርክ የሚወርደው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው፤ 220 የነበረው 185 ሲሆን ሞተሩ ከሚችለው ከፍተኛ ቶርክ 70 በመቶው ብቻ ይቀረዋል፣ ለመነሳትም ያቃስታል። ያኔ አምፔር ጨምሮ ይስባል፣ ይግላል። ምሽት ላይ መጋዝ አላስነሳም፤ ጎረቤቶቼም ይህን ውሳኔ ይወዱታል።

ሁለት ፈረስ በእርግጥ ይበቃ እንደሆነ ለማየት እንዲህ ያለ ሞተር ያለው አናጺ ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ። ዋት መለኪያ የለውም፣ ቆጣሪ ግን አለው። ቆጣሪው ላይ በኪሎ ዋት ሰዓት 1600 ብልጭታ ይላል፤ ሌላውን ሁሉ አጥፍተን የአሥር ብልጭታ ጊዜ ያዝን። 22500ን በሰከንዱ ማካፈል ነው፣ ዋቱ ይወጣል። ባዶውን ሲዞር 45 ሰከንድ፣ ማለትም 500 ዋት። ወፍራም ደረቅ ባሕር ዛፍ በርዝመቱ ሲሰነጥቅ 12 ሰከንድ፣ 1875 ዋት። ከታርጋው ካሰላሁት የሚገባ 1965 ዋት በታች ነው፣ ግን ብዙም አይርቅም። ዋንዛ ሲገባለት ቀለል አለው።

ጥቁሩን ሞተር ገዛሁት። 1400 ዙር ለ250 ሚሊ ሜትር መጋዝ ስለሚያንስ፣ በቺንጋና በሁለት ፑሊ ሁለት ተኩል እጥፍ ላሳድገው አስቤያለሁ፤ 3500 ዙር ይሆናል፣ የመጋዙ ጥርስ በሰከንድ 46 ሜትር ይሄዳል። መጋዙ ላይ ከተጻፈው ገደብ በታች መሆኑን አይቻለሁ። አሁን ቶርኖ ቤት ፑሊ እያስወጣሁ ነው። በአንድ ቺንጋ ይበቃል ወይስ ሁለት ይሁን የሚለውን የሞከራችሁ ብትነግሩኝ ፑሊው ሳይቆረጥ እወስናለሁ።