ኖርአድሬናሊን ልብን ለምን ያዘገያል? የፋርማኮሎጂ ጥናቴ የት ደረሰ

ሰሞኑን ደስ ያለኝ ነገር አለ። ሦስት የደም ግፊትና የልብ ምት ግራፎች ቀረቡልኝ። የመድኃኒቶቹ ስም አልተጻፈባቸውም። ማስታወሻዬን ሳልገልጥ፣ መስመሮቹ ሲወጡና ሲወርዱ ብቻ አይቼ፣ ይሄ አድሬናሊን፣ ይሄ ኖርአድሬናሊን፣ ይሄ አይሶፕሬናሊን ብዬ ለየኋቸው። ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ነገር ይሆናል። እኔን ግን ለወራት ያንገላታኝ ጥያቄ ነው። እንዴት እንደተፈታልኝ ልጻፍላችሁ።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቶሎ ልለፈው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የነርቭ ሴል ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ውስጡ ከውጪው ይልቅ ኔጋቲቭ ነው፤ 70 ሚሊቮልት ገደማ። መልእክት ሲመጣ የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ፣ ሶዲየም ይገባል። ቀጥሎ ፖታሲየም ይወጣል፣ ሴሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ሆጅኪንና ሃክስሊ ይህን ስኩዊድ በተባለ የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ላይ ለክተው እ.ኤ.አ. በ1952 በሒሳብ ቀመር አስቀመጡት። ማደንዘዣው ሊዶኬይን የሚያደነዝዘው እነዚሁን የሶዲየም በሮች ዘግቶ ነው። ሕመሙ የተነሳበት ቦታ ይቀራል፣ አንጎል ጋ አይደርስም። መግል የቋጠረ ቦታ ላይ ማደንዘዣ አልይዝ የሚለውም በዚሁ ይገባችኋል። የተቆጣ ሥጋ አሲዳማ ነው። አሲድ ሲበዛ አብዛኛው ሊዶኬይን ቻርጅ ስለሚይዝ የሴሉን ሽፋን ማለፍ ያቅተዋል። በሩን የሚዘጋው ደግሞ ከውስጥ በኩል ነው። ይህቺን ሳነብ ነው ትምህርቱን የወደድኩት።

እስከዚህ ድረስ ጉዞው ሰላም ነበር። መከራው የጀመረው አውቶኖሚክ የሚባለው፣ ከፈቃዳችን ውጪ የሚሠራው የነርቭ ሥርዓት ላይ ስደርስ ነው። የሚያነቃቃው ሲምፓቴቲክ፣ የሚያረጋጋው ፓራሲምፓቴቲክ፣ ከዚያ መልእክተኛ ኬሚካሎች የሚያርፉባቸው የሴል ተቀባዮች፦ አልፋ አንድ፣ አልፋ ሁለት፣ ቤታ አንድ፣ ቤታ ሁለት፣ መስካሪኒክ፣ ኒኮቲኒክ። ከዚያ እያንዳንዱን የሚቀሰቅስና የሚዘጋ የመድኃኒት መዓት።

ስለ ሽምደዳ ያለኝን አቋም እዚህ ጋ በግልጽ ልናገር። ይህን ክፍል በሠንጠረዥ ሸምድዶ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ ማወቅ ግን አይቻልም። ሠንጠረዡ “ቤታ አንድ፣ ልብ፣ ያፈጥናል” ይላችኋል። ልቡ አንገት፣ አንጎልና ደም ሥር ካለው ሰው ጋር መያያዙን ግን አይነግራችሁም። ደግሞም የተሸመደደ ነገር ጥያቄው ትንሽ ዞር ካለ ይጠፋል።

እኔን ያዳነኝ አንድ ባዶ ወረቀት ነው። መሃሉ ላይ ሲናፕስ እሥላለሁ፤ አንድ ነርቭ የሚያልቅበትንና ቀጣዩ ሴል የሚጀምርበትን ክፍተት። ከዚያ አምስት ቦታ ምልክት አደርጋለሁ። መልእክተኛው ኬሚካል የሚሠራበት፣ የሚጠራቀምበት፣ የሚለቀቅበት፣ ተቀባዩ ላይ የሚያርፍበት እና የሚወገድበት። አዲስ መድኃኒት ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የቱ ጋ ነው የቆመው? ሬዘርፒን መጠራቀሙን ያበላሻል። ቦቱሊነም መለቀቁን ያግዳል። አትሮፒን ተቀባዩ ላይ ይቀመጥና አሴቲልኮሊን የተባለውን መልእክተኛ ቦታ ያሳጣዋል። ኒዮስቲግሚን አሴቲልኮሊንን የሚቆርጠውን ኢንዛይም ይይዛል። ኮኬይን ሌላው መልእክተኛ ኖርአድሬናሊን ወደ ነርቩ ተመልሶ እንዳይገባ ይከለክላል። ስማቸው ቢጠፋኝም ቦታቸው አይጠፋኝም።

ይህ ወረቀት ለምን እንደሚሠራ የገባኝ ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 ስላደረገው ሙከራ ሳነብ ነው። የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ ወሰደ። የአንደኛውን ቬገስ ነርቭ፣ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደውን፣ በኤሌክትሪክ ሲነካ ልቡ ዘገየ። ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ቀድቶ ለሁለተኛው ልብ ሰጠው። የዚያኛውን ነርቭ ማንም ሳይነካው እሱም ዘገየ። መልእክቱ በፈሳሹ ውስጥ ነበር። ያ ኬሚካል በኋላ አሴቲልኮሊን መሆኑ ታወቀ፣ ሎዊም እ.ኤ.አ. በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመ። እስቲ አስቡት። ነርቭ ከነርቭ ጋር የሚነጋገረው በኤሌክትሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁሉ መድኃኒቶች ጣልቃ የሚገቡበት ክፍተት አይኖርም ነበር።

አሁን ወደዚያ እልኸኛ ጥያቄ ልምጣ።

ኖርአድሬናሊን ልብ ላይ ያለውን ቤታ አንድ ተቀባይ ይቀሰቅሳል። ቤታ አንድ ሲቀሰቀስ ልብ ይፈጥናል። መጽሐፉ እዚህ ድረስ ጥርት ያለ ነው። ሁለት ገጽ አልፋችሁ ስትሄዱ ግን ጤነኛ ሰው በደም ሥሩ ኖርአድሬናሊን ሲሰጠው የልብ ምቱ ይቀንሳል ይላል። ያው መድኃኒት፣ ያው ልብ! ይሄ ነገር አልዋጥ አለኝ። ቪዲዮ አየሁ፣ ሰው ጠየቅሁ። የማገኘው መልስ ሁሌ “ሪፍሌክስ ነው” የሚል አንድ ቃል ነው። ቃሉን መስማት ሌላ፣ ሲሠራ ማየት ሌላ።

የተፈታው ልብን ትቼ ከደም ሥሮች ስጀምር ነው። ኖርአድሬናሊን የደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለውን አልፋ አንድ አጥብቆ ይይዛል። ሥሮቹ ይጠባሉ። የላይኛውም የታችኛውም ግፊት ይወጣል፣ አማካዩም አብሮ ይወጣል። ይህን የሚለኩ ነርቮች ሁለት ቦታ ተቀምጠዋል። አንዱ አንገት ላይ፣ ወደ ጭንቅላት የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ነው። ሌላው ከልብ የሚወጣው አኦርታ በሚጎብጥበት ላይ። ግድግዳው ሲለጠጥ ይነቃሉ፣ በዘጠነኛውና በአሥረኛው የራስ ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ግንድ ይልካሉ። አንጎል ግንድ ወዲያው ቬገስን ያዝዛል። ቬገስ የልብ ፍሬን ነው። ልብ ይዘገያል። ሪፍሌክስ የሚሉት ይህን ዙር ነው።

እና ቤታ አንዱስ? እሱም ሥራ ላይ ነው። ልብ ላይ ሁለት ትእዛዝ አብሮ ደርሷል፤ አንዱ ከመድኃኒቱ በቀጥታ፣ ሌላው ከአንጎል ዞሮ። የልብ ምት ላይ የሚያሸንፈው የዞረው ነው። አንጎል ግንድ ሲምፓቴቲኩንም ዝም ያሰኘዋል፤ የደም ሥሮቹ ግን ከዚህ እምብዛም አይጠቀሙም። መድኃኒቱ ነርቩን ሳይጠብቅ እዚያው ተቀባዩ ላይ ቁጭ ብሏልና። ግፊቱ ከፍ እንዳለ፣ ምቱ ዝቅ እንዳለ ግራፉ ላይ የሚታየው ለዚህ ነው።

ማብራሪያው እውነት መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ? አንድ ሽቦ በቆረጥኩ ቁጥር ምን እንደሚሆን ወረቀት ላይ መሞከር ጀመርኩ። በመጀመሪያ አትሮፒን ልስጥ። አትሮፒን ልብ ላይ የቬገስን መልእክት ይዘጋል። ከዚያ ኖርአድሬናሊን ሲከተል ልብ አይዘገይም፤ እንዲያውም ይፈጥናል። ተደብቆ የነበረው ቤታ አንድ ፊት ለፊት ወጣ ማለት ነው። ቀጥሎ ፌኒልኤፍሪን፤ ይሄኛው ዋና ሥራው አልፋ አንድ ላይ ነው፣ ልብን በቀጥታ አይነካም ማለት ይቻላል። ልብ ግን በእሱም ይዘገያል። ስለዚህ መዘግየቱ የመጣው ከግፊቱ ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የተተከለ ልብ ነው። ልብ ከሰው ወደ ሰው ሲተከል ነርቮቹ ይቆረጣሉ። የደም ሥሩ ይቀጠላል፣ ቬገስ አይቀጠልም። እንዲህ ያለ ልብ፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ጊዜ፣ ግፊት ሲወጣ በቬገስ በኩል አይዘገይም። አትሮፒን ቢሰጠውም ምቱ ብዙ አይለወጥም፤ የሚዘጋ መልእክት የለማ! ሰውየው ጋደም ብሎ እያረፈ እንኳ ምቱ በደቂቃ ወደ 100 ይጠጋል። ይህቺ ቁጥር አስደነቀችኝ። የልብ የራሱ ፍጥነት እሱ ነው ማለት ነው። አብዛኞቻችን አረፍ ስንል ከ60 እስከ 80 የሚሆነው ቬገስ ሌት ተቀን ስለሚይዘው ነው።

ከዚህ በኋላ ሌሎቹ ሁለት ግራፎች ብዙም አላስቸገሩኝ። አድሬናሊን በመጠነኛ መጠን ሲሰጥ ከአልፋና ከቤታ አንድ ሌላ የጡንቻ ደም ሥሮችን ቤታ ሁለትም ይነካል። እነዚያ ይሰፋሉ። የላይኛው ግፊት ይወጣል፣ የታችኛው ይወርዳል፣ አማካዩ ብዙ አይንቀሳቀስም። አማካዩ ካልወጣ አንገት ላይ ያሉት ነርቮች ብዙም አይነቁም፤ ቤታ አንድ ያለ ተቃዋሚ ልብን ያፈጥናል። አይሶፕሬናሊን ደግሞ አልፋን አይነካም ማለት ይቻላል። ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ አማካዩ ይወርዳል፣ ልብ በቀጥታም በሪፍሌክስም ይጋልባል።

ስለዚህ አሁን ያለችኝ ደንብ አንድ ነች፦ ልብን መጨረሻ ላይ ሙሉ። ወረቀታችሁ ላይ መጀመሪያ ደም ሥሮች፣ ቀጥሎ አማካይ ግፊት፣ ከዚያ ሪፍሌክስ፣ በመጨረሻ ልብ። ቀጥታውን ቀስት በቀይ፣ የሚዞረውን በሰማያዊ አድርጉት። ጥያቄው “ከመድኃኒቱ በፊት አልፋን የሚዘጋ ሌላ መድኃኒት ቢሰጥስ?” ብሎ ቢመጣም አያስደነግጣችሁም። አድሬናሊን አልፋው ከተዘጋበት ቤታ ሁለት ብቻውን ይቀርና ግፊቱን ያወርደዋል። ዴል ይህን የተገለበጠ ውጤት ኤርጎት ከተባለ ፈንገስ በሚገኝ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1906 አሳይቷል፤ ሌላው ተመራማሪ አልኲስት አልፋና ቤታ የሚለውን ክፍፍል ያቀረበው ገና እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ዴል ስም ሳይኖረው ያየውን ነገር እኛ ዛሬ በሁለት ቀስት እናብራራዋለን።

ሌላ የምመክራችሁ ነገር ቢኖር የጎንዮሽ ጉዳትን ለብቻው አታጥኑ። አብዛኛው ያው ተቀባይ ሌላ ቦታ ሲገኝ ነው። ሳልቡታሞል የአየር ቧንቧን የሚከፍተው በቤታ ሁለት ነው። ቤታ ሁለት ጡንቻ ላይም ስላለ እጅ ያንቀጠቅጣል። ፕሮፕራኖሎል ቤታ አንድን ብቻ ሳይሆን ቤታ ሁለትንም ስለሚዘጋ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። እንደ ዳይፈንሃይድራሚን ያሉ የድሮ የአለርጂ መድኃኒቶች አንጎል ስለሚገቡ ያስተኛሉ፣ አሴቲልኮሊን የሚያርፍበትን መስካሪኒክንም ስለሚዘጉ አፍ ያደርቃሉ። ቤታን የሚዘጋ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ማቆም የሌለበትም በዚሁ መንገድ ይገባል። ተቀባዮቹ መዘጋቱ ሲበዛባቸው ቁጥራቸውን ይጨምራሉ። መድኃኒቱ ድንገት ሲነሳ የሰውየው የራሱ አድሬናሊን የበዙትን ተቀባዮች ያገኛል፣ ልብም ይጨነቃል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ “ተሻለኝ ብዬ ተውኩት” የሚል ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ሐኪምህን ሳታማክር አታቁም እላለሁ፣ ለምን እንደሆነም አስረዳለሁ።

ፍላሽ ካርድ ለምትወዱ፦ ለስም ጥሩ ነው፤ እኔም ለስም እጠቀምበታለሁ። ለአሠራር ግን ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነኝ። ቪዲዮም እንደዚያው። አይቶ “ገባኝ” ማለት ቀላል ነው፤ ቪዲዮውን ዘግታችሁ ባዶ ወረቀት ላይ መሣል ካልቻላችሁ ግን ገና ነው።

አሁንም የምሸሸው ክፍል አለ። የመድኃኒት ስሌት ላይ ደካማ ነኝ። ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ ገብቶኛል፤ መጠኑ ሳይቀየር በእኩል የጊዜ ልዩነት የሚወሰድ መድኃኒት ደም ውስጥ ያለው መጠን የሚረጋው ከአራት እስከ አምስት ግማሽ ዕድሜ በኋላ መሆኑንም ይዣለሁ። ከዚያ ያለፈው ቀመር ሲመጣ ግን ገጹን እገለብጣለሁ። ስለዚህ በዚህ ላይ ከእኔ ምክር አትጠብቁ።

ቀጣዩ አንጎል ነው። በፓርኪንሰን በሽታ መድኃኒት በሌቮዶፓ ጀምሬያለሁ። በዚህ በሽታ የሚጎድለው የአንጎል መልእክተኛ ዶፓሚን ራሱ የደምና የአንጎልን አጥር አያልፍም፣ ሌቮዶፓ ግን ያልፍና እዚያ ዶፓሚን ይሆናል። አብሮት የሚሰጠው ካርቢዶፓ አጥሩን ስለማያልፍ ከአንጎል ውጪ ያለውን ለውጥ ብቻ ይከለክላል። አምስቱ ቦታዎች ያሉበት ወረቀቴ እዚህም እየሠራ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ላይ ስደርስ ግን አንዱ መድኃኒት ሁለትና ሦስት ቦታ እየቆመ ወረቀቱ ይጠብበኛል። እነሱን በምን ቅደም ተከተል እንዳጠናችሁ፣ ከሶዲየም በር ወይስ አንጎልን ከሚያረጋጋው መልእክተኛ ከጋባ እንደጀመራችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።