160 ቅጠል

ሥራችን በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ያሉ የብራና መጻሕፍታችንን መግለጫ ወደ አማርኛ መመለስ ነው። ሰው ሲሰማ «ግእዝ ካወቅህ ምን ያስቸግርሃል?» ይለኛል። የሚያስቸግረኝ ላቲን ነው። ጀርመናዊው የግእዝ ሊቅ አውጉስት ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1847 የለንደኑን፣ በ1848 የኦክስፎርዱን የግእዝ ብራናዎች ዝርዝር ያሳተመው በላቲን ነበር። በ1865 ያወጣው ትልቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት እንኳ ፍቺው ላቲን ነው። የአባቶቻችንን መጽሐፍ ፍለጋ ስትነሣ መንገዱ በሮም ቋንቋ በኩል ያልፋል።

የአንድ አጥቢያ ምእመናን በውጭ አገር የተቀመጠ አንድ ዳዊት ሙሉውን በፎቶ እንዲነሣላቸው ገንዘብ አዋጡ። ቤተ መጻሕፍቱ የሚያስከፍለው በምስል ቁጥር ስለሆነ ስንት እንደሚፈጅ እንዳሰላ ተጠየቅሁ። የላቲኑ መግለጫ ሁለት መስመር አይሞላም። ኮዴክስ ሜምብራናኬውስ፣ የብራና መጽሐፍ ማለት ነው። ፕሳልቴሪዩም፣ ዳዊት። ቀጥሎ «ፎሊይስ 160» ይላል።

«ፎሊይስ»ን የዊልያም ዊተከር «ወርድስ» ላይ ጻፍኩ። ይህ የኮምፒውተር መሣሪያ የቃሉን መድረሻ ቆርጦ ሥሩን ያወጣልሃል፤ ላቲን እንደ ግእዝ መድረሻው የሚለዋወጥ ቋንቋ ስለሆነ ለጀማሪ ትልቅ እርዳታ ነው። «ፎሊዩም» የሚለው ቃል ብዙ ቁጥር መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1879 ወደታተመው የሉዊስና ሾርት መዝገበ ቃላት ሄድኩ፤ ፐርሲየስ የተባለው የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። የመጀመሪያው ፍቺ የዛፍ ቅጠል ነው። በቨርጂል ግጥም ሲቢላ የምትባለው ነቢይት ትንቢቷን የምትጽፍበት ቅጠልም ይኸው ቃል ነው። እኔ በታተመ መጽሐፍ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ብራና ቅጠል አለው ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወደ ታች ሳላነብ «ገጽ ለማለት ነው» ብዬ 160 ገጽ ብዬ መዘገብኩ። የ160 ምስል ሒሳብ ሠርቼም ለምእመናኑ ሰጠሁ።

ከወር በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ የክፍያ መጠየቂያ መጣ። 320 ምስል፣ ሽፋኑ ሳይቆጠር። እጥፍ! በጣም ተናደድኩ። እነሱ የተሳሳቱ መስሎኝ በራሳቸው መግለጫ 160 ገጽ ብቻ እንደተመዘገበ የሚጠቅስ ጠንካራ ደብዳቤ አዘጋጀሁ።

ደብዳቤው ሳይላክ የኔታ መጡ። ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ የደበዘዘ ጽሕፈት ለማንበብ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ ይመጣሉ። ነገሩን አጫወትኳቸው።

«ዳዊቱ ሙሉ ነው?» አሉኝ።

«ሙሉ ነው የኔታ። ጎደለ የሚል የለበትም።»

«መቶ ሃምሳው መዝሙር፣ መኃልየ ነቢያቱ፣ መኃልየ መኃልዩ፣ ውዳሴ ማርያሙ፣ አንቀጸ ብርሃኑ፣ ይኼ ሁሉ በ160 ገጽ? አይገባም ልጄ። ዳዊት እኮ ስንኙ በየመስመሩ ነው የሚወርደው፤ ብራና ይበላል።»

ከማተሚያው አራት ወረቀት አንሥተው ደራረቡና መካከሉን አጠፉት። «ይህ አንድ ጥራዝ ነው። ቁጠር።» በጣቴ ገለጥኩ፤ ስምንት። አንዷን በሁለት ጣት ይዘው ወዲያና ወዲህ እያገላበጡ «ይህቺ ማን ትባላለች?» አሉኝ።

«ገጽ።»

«ቅጠል ናት። ገጽ ማለት ፊት ነው። አንዷ ቅጠል ሁለት ፊት አላት። ሃያ ጥራዝ ቢኖርህ 160 ቅጠል፣ 320 ገጽ።»

ያጠፏት ወረቀት እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለች። መዝገበ ቃላቱ ቅጠል ሲለኝ ትክክል ነበር፤ አማርኛውም ቃሉን ከነትርጉሙ ይዞ ተቀምጧል። ያላመንኩት የገዛ ቋንቋዬን ነው። ሌላም ነገር አስተዋልኩ፤ በላቲን መጽሐፍ የሚባለው «ሊበር» የሚለው ቃል መነሻው የዛፍ ውስጠኛ ልጥ ነው። እነሱም እንደኛ የመጽሐፉን አካል በዛፍ አካል ነው የሰየሙት።

ደብዳቤውን አጠፋሁት። ከዚያ ከዚህ በፊት የመለስኳቸውን መግለጫዎች በሙሉ ከመጀመሪያው አንድ በአንድ አየኋቸው። ፎሊዩም ያለበት ሁሉ ገጽ ሆኗል። ከዚህ የባሰም አገኘሁ። አንዱ መጽሐፍ በላቲን «ሆሮሎጊዩም» ተብሏል፤ እኔ «ስለ ሰዓት መቁጠሪያ» ብዬዋለሁ። ያን ጊዜ እርግጠኛ ለመሆን የፓካርድ ተቋም የላቲን ጽሑፎች ስብስብ ላይ ቃሉን ፈልጌ ነበር። የመጣልኝ ሁሉ በፀሐይ ጥላና በውኃ የሚቆጥር ሰዓት ነው፤ የሮማው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ ዘጠነኛውን መጽሐፉን የጻፈው ስለዚሁ ነው። ማስረጃ ያገኘሁ መሰለኝ። ስብስቡ ግን በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ200 በፊት የተጻፈውን የሚይዝ ነው። የቤተ ክርስቲያን የሰዓታት ጸሎት በመጽሐፍ ተደራጅቶ ይህን ስም ሳያገኝ በፊት ስብስቡ ያበቃል። ከላቲኑ ሥር ግን የመጽሐፉ የግእዝ መጀመሪያ ቃል በቃል ታትሟል፤ እሱን ላነበበ መጽሐፈ ሰዓታት መሆኑ አያጠራጥርም። ዓይኔ ላቲኑን ሲያሳድድ ግእዙን ዘልሎት ነበር።

ዛሬ አንድ የላቲን ቃል ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የጻፈው ሰው በየትኛው ዘመን እንደነበረ ነው። ለጥንቱ ሉዊስና ሾርት ይበቃል፤ ፍቺውን ግን እስከ መጨረሻው መስመር አነባለሁ። የመካከለኛው ዘመን ቃል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1678 መጀመሪያ የታተመውን የዱ ካንዥን መዝገበ ቃላት እከፍታለሁ፤ እሱም በኢንተርኔት አለ። የብራና ጉዳይ ከሆነ ደግሞ የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» ብሎ የሰየመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎች የመረጃ ቋት ውስጥ ተመሳሳይ መጽሐፍ ፈልጌ፣ ስንት ቅጠል እንዳለውና ምን እንደያዘ አስተያያለሁ። የዲልማን መዝገበ ቃላትም እዚያው በኢንተርኔት ይፈለጋል። ካልገባኝ ቃሉን እንዳለ ትቼ ጎኑ የጥያቄ ምልክት አደርግበታለሁ፤ የኔታ ማክሰኞ ይመጣሉ።

ለምእመናኑ ስህተቱ የኔ እንደሆነ በቃልም በጽሑፍም ነገርኳቸው። ሰብሳቢው ዝም ብለው ሰሙኝና «ዳዊቱ ግማሹ እንዲቀር ፈልገን አልነበረም» ብለው እንደገና ለማዋጣት ተስማሙ። ሁለት እሑድ ፈጀ። 320ውም ምስል መጣ። እኔም በመዝገባችን ላይ «የገጽ ብዛት» የሚለውን ዓምድ «የቅጠል ብዛት» ብዬ ቀየርኩት።