ካርታው ያልመከነ ሶፍትዌር

ሽማግሌው ከሄዱ ሰነበቱ። ድምፃቸው ግን አልሄደም። ሰሃን ሳጥብ ይመጣብኛል፣ ልተኛ ስል ይመጣብኛል። ባለፈው ባጃጅ ውስጥ ጮክ ብዬ "ወደዚያው እየሄድኩ ነበር እኮ፣ አባባ!" አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቦርሳዋን አቀፈች።

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች በአንዱ ነው። አቤቱታ፣ ውክልና፣ ሲቪ፣ "አስቸኳይ ነው" የተባለ ሁሉ እኛ ዘንድ ይመጣል። የተመረቅሁት በኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ጋዋን ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ ከፕሪንተሩ በላይ ተሰቅሏል። የሰቀለችው የሱቁ ባለቤት ናት፤ ደንበኛ እንዲያምን ብላ።

የዚያን ቀን የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሩ ከጠዋቱ ጀምሮ አመመው። "ጽ" ስለው ባዶ ሳጥን ያወጣል። አቤቱታ ያለ "ጽ" አይጻፍም። አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው እንግዲህ። አንኢንስቶል አልኩት። አረንጓዴው መስመር ግማሽ ላይ እንደደረሰ መብራት ድርግም አለ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤስ የለም ወይ አትበሉኝ፤ አለ። ጠረጴዛው ሥር ሆኖ እግሬን አሳርፍበታለሁ።

መብራት ሲመጣ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። የሚያዝያ ሙቀት፣ አንድ ቬንትሌተር፣ ያ ሁሉ ሰው። ሶፍትዌሩን ልጭን ስል "ይህ ፕሮግራም ተጭኗል፤ መጀመሪያ እሱን አስወግድ" አለኝ። ላስወግደው ኮንትሮል ፓነል ገባሁ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ፤ የለም። ተመልሼ ልጭን ስል፣ አለ።

ከፊቴ ያሉት አባት ነጠላቸውን እንዳጣፉ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አሰገጉ። ብብታቸው ሥር በፌስታል የታጨቀ ዶሴ ይዘዋል።

"ልጄ፣ ምን ይላል?"

"አለ ይላል፣ አባባ።"

"ካለ ጻፍልኛ።"

"የለም እኮ።"

"የለም ያለው ማነው?"

"እሱው ነው።"

ሰልፉ ውስጥ ያለ አንድ ጎረምሳ ሳቁን በሳል ደበቀው። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ የፎልደሩ ግማሽ ተርፏል። ልሰርዘው ስል "ፋይሉ ሥራ ላይ ነው" አለ። ታስክ ማናጀር ገብቼ ከጀርባ የሚሠራውን ዘጋሁና ሰረዝኩት። ፕሮግራም ዳታና አፕ ዳታ የተደበቁ ፎልደሮች ናቸው፤ "ሂድን አይተምስ" የሚለው ላይ ምልክት ካላደረጉ አይታዩም። እነሱንም አውጥቼ ጠረግኩ። ሪስታርት አደረግኩ። ያ ኮምፒውተር እስኪነሳ ሰው ቡና አፍልቶ ይጠጣል። ተነሳ። ልጭን ስል፣ ተጭኗል።

ሽማግሌው ይህን ጊዜ ዶሴያቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

"ገባኝ" አሉ። "ቤቱ ፈርሷል። ካርታው ግን አልመከነም።"

ሱቁ ጸጥ አለ።

"የኔም ጉዳይ ይኸው ነው። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል። መዝገቡ ግን አለ ይላል። አዲስ ልሥራ ስል ነባር ቤት አለህ ይሉኛል። አንተ ደግሞ ፍርስራሹን ትጠርጋለህ። ፍርስራሽ ቢጠረግ ምን ይሆናል? መዝገብ ቤት ሂድ እንጂ!"

የሚያናድደው ትክክል መሆናቸው ነው። ኮምፒውተርም መዝገብ ቤት አለው፤ ሬጅስትሪ ይባላል። ኮንትሮል ፓነል ላይ የሚታየው ዝርዝር የሚነበበው እዚያ ውስጥ ካለ አንድ ቦታ ነው። ፕሮግራም የሚጭነው ዊንዶውስ ኢንስቶለር "ተጭኗል ወይስ አልተጫነም?" ብሎ የሚጠይቀው ደግሞ እዚያው ውስጥ ሌላ ቦታ ነው። መብራቱ የሄደው አንደኛው ተሰርዞ ሌላው ሳይሰረዝ መሆኑ ነው። ይህን ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ተምሬዋለሁ። እሳቸው ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ፎቶዬ ከላይ ሆኖ ያየኛል። ፎልደር ቀድሞ፣ ሬጅስትሪ ተከትሎ ነው ቅደም ተከተሉ፤ ግን ይህን ለማን ልንገር? ሰልፉ በሙሉ "እውነታቸውን ነው፣ መዝገብ ቤት ሂድ" ይለኛል።

በዚህ መሃል አንዷ ፍላሽ አቀበለችኝ። የፍላሽ ነገር ሲነሳ ደግሞ ደሜ ይፈላል። ከተማውን ዞሮ፣ የየሱቁን ቫይረስ ሰብስቦ፣ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ እኛ ጋ ይመጣል። ከዚያ "ፋይሌን አጠፋኸው" ይባላል። ቫይረሱን ሳጠፋ ደግሞ ማንም ብር አይጨምርም። ጎረቤቶቼማ ኮምፒውተር ተምረሃል ብለው ዲሽ ያሠሩኛል።

ሽማግሌው ሰዓት አዩ። ቢሮው ለምሳ ሊዘጋ ነው። ዶሴያቸውን አንስተው ወጡና ማዶ ጃንጥላ ሥር በእስክሪብቶ ከሚጽፈው ሰውዬ ፊት ተቀመጡ። ሰውዬው ካርቦኑን አስተካክሎ ጀመረ። መብራት አይፈልግም፣ ሪስታርት አይፈልግም። "ጽ"ን ሲጽፍ ከዚህ ሆኜ አየሁት።

ጨርሰው ወደ እኔ ተመለሱ። "ሦስት ኮፒ" አሉኝ። ኮፒ አደረግኩላቸው። ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አይዞህ፣ ይመክናል" አሉኝ።

ሰው ለምሳ ሲበተን የሬጅስትሪውን ማረሚያ፣ ሬጅኤዲትን ከፈትኩ። መጀመሪያ ኤክስፖርት አድርጌ ቅጂ አስቀመጥኩ፤ እዚያ ቤት ያለ ቅጂ እጅ አይሰደድም። ከዚያ በስሙ ፈለግኩት። ክላስስ ሩት፣ ኢንስቶለር፣ ፕሮዳክትስ ሥር ሠላሳ ሁለት ፊደልና ቁጥር ያለው ስም ለብሶ ተኝቷል። ሰረዝኩት። ኤፍ 3 እየተጫንኩ ቀሪውንም ለቀምኩ። ጫንኩ። ያለ ምንም ጥያቄ ገባ። "ጽ" አልኩ፤ "ጽ" አለኝ። ጣና ዳር ዓሣ ሊጋብዘኝ የቀጠረኝ ጓደኛዬ ያኔ በልቶ ጨርሶ ነበር።

ነገሩ እዚያው ቢቀር ምናለበት። ሻይ የምታፈላው ልጅ ከሰሏ እምቢ ሲላት "ካርታው ሳይመክን ይሆናል" ትላለች። ባጃጁ አልነሳ ያለው ሾፌር እኔን እያየ ይላታል። የፎቶ ኮፒው ወረቀት ሲነክስ አለቃዬ ትላታለች፣ ያውም በደንበኛ ፊት። እጮኛዋን የተወች ጎረቤቴ እሱ ሲደውል ስልኩን ስታነሳ ሰማኋት፤ ጓደኛዋ "አንቺ፣ ካርታው አልመከነም ማለት ነው" አለቻት።

የጃንጥላው ሰውዬ ደግሞ ካርቶን ሰቅሏል። "መብራት ቢጠፋም እንጽፋለን" ይላል፣ በትላልቅ ፊደል። አጻጻፉ ያምራል። ጽፌ ፕሪንት ያደረግኩለት እኔ ነኝ። ዋጋም አስቀንሶኛል።