የሃኖይ ሮክስን የ1984 አልበም ከአደጋው ነጥሎ መስማት

የፊንላንዱ ባንድ የሃኖይ ሮክስ ስም በተነሣ ቁጥር ወሬው ከሙዚቃው ይልቅ ወደ አንድ የመኪና አደጋ ያመራል። «ቱ ስቴፕስ ፍሮም ዘ ሙቭ» የተሰኘው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ1984 ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ከበሮ መቺያቸው ስለሞተ፣ ከዚያ ወዲህ ስለ አልበሙ የሚጻፈው ሁሉ የሐዘን መግለጫ መስሎ ቀርቷል። ሰሞኑን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ ሳዳምጠው ግን የታየኝ ሌላ ነገር ነው። አልበሙ እንደ ልቡ ሲጫወት የኖረ ባንድ ጠንከር ባለ ፕሮዲዩሰር እጅ ገብቶ ዘፈን መገንባትን የተማረበት ሥራ ነው፤ ትምህርቱ በሁሉም ዘፈን ላይ እኩል ባይሰምርም።

ባንዱ በ1979 ሄልሲንኪ ውስጥ ተመሥርቶ በኋላ መቀመጫውን ለንደን ያደረገ ነው። ድምፃዊው ማይክል ሞንሮ፣ አብዛኛውን ዜማ የሚደርሰው ጊታሪስት አንዲ ማኮይ፣ ሁለተኛው ጊታሪስት ናስቲ ሱዊሳይድና የቤዝ ተጫዋቹ ሳም ያፋ ፊንላንዳውያን ሲሆኑ፣ በ1982 የተቀላቀላቸው ከበሮ መቺ ራዝል እንግሊዛዊ ነበር። (ስሞቹን እናትና አባት እንዳላወጧቸው መቼም ግልጽ ነው።) ሄር ሜታል ከሚባለው፣ በተነፋ ጸጉርና በኩል ከሚታወቀው የሰማንያዎቹ የሮክ ጎራ መመደባቸውን የማይቀበሉ አድማጮች አሉ፤ ሙዚቃቸው ከሜታል ይልቅ ፈጣንና ጥሬ ለሆነው ፓንክና ጌጥ ለሚያበዛው የሰባዎቹ ግላም ሮክ ይቀርባል ይላሉ። በሙዚቃው ረገድ አባባላቸው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የተነፋው ጸጉር፣ የተኳለው ዓይን፣ የአንገት ልብስና የአምባር ክምር በሎስ አንጀለስ ባንዶች ዘንድ የደንብ ልብስ ከመሆኑ በፊት ሞንሮ ይህን ሁሉ ለብሶ መድረክ ላይ ይወጣ ስለነበር፣ ስለዚያ ዘመን ሲወራ እነሱን መዝለል አይቻልም።

ለዚህ አልበም የተመረጠው ፕሮዲዩሰር ካናዳዊው ቦብ ኤዝሪን ነው። ኤዝሪን የአሊስ ኩፐርን ታላላቅ አልበሞች፣ የኪስን «ዲስትሮየር» እና፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዎል» የሠራ፣ ለቅንብር ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያደርግ ባለሙያ ነው። ከእሱ በፊት «ባክ ቱ ሚስትሪ ሲቲ» የተባለውን የ1983 አልበማቸውን የሠሩላቸው ሞት ዘ ሁፕል የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ አባላት የነበሩት ዴል ግሪፊንና ኦቨረንድ ዋትስ ነበሩ፤ እነሱ ባንዱን እንዳለ ቀርጸውት ነበር ማለት ይቻላል። ኤዝሪን ግን በበርካታ ዘፈኖች ድርሰት ላይ ስሙ እስከሚሰፍር ድረስ ገባበት፤ መግቢያውን አሳጠረ፣ አዝማቹን አጎላ፣ በጊታሮቹ መካከልም ክፍተት ፈጠረ።

የዚህን ሥራ ውጤት ለማየት «ዶንት ዩ ኤቨር ሊቭ ሚ» የተባለውን ዘፈን መውሰድ ይበቃል። ይኸው ዘፈን ርእሱ በጥቂቱ ተለውጦ በ1981 በወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ላይም አለ፤ እዚያ ግን ጥሩ ዜማ የያዙ ወጣቶች ዜማው እንዳያመልጣቸው ፈርተው የሚሮጡ ይመስላል። በ1984ቱ ቅጂ ሩጫው የለም። ሞንሮ ስንኙን ረጋ ብሎ ይጀምራል፣ ጊታሮቹም ጥግ ይዘው ይጠብቁታል፤ አዝማቹ ሲደርስ ነው ሁሉም አንድ ላይ የሚነሡት። እዚህ ላይ ጆሮን መጣል ያለብን ወደ ራዝል ነው። አመታቱ ቀላል ነው፣ ብልሃት ለማሳየት አይሞክርም፤ ስኔሩን (ስል ድምፅ ያለውን ትንሹን ከበሮ) ግን በሙሉ ክንዱ ይመታና በአዝማቹ መግቢያ ላይ የምትጠብቁትን ያህል ሳይጨምር ያልፋል። ሌላ ከበሮ መቺ ያንን ቦታ በሚንከባለል ምት ይሞላው ነበር። የእሱ ቁጥብነት ዘፈኑን ከልቅሶ አድኖታል ባይ ነኝ።

«ሚሊየን ማይልስ አዌይ» ከአልበሙ ሁሉ የምወደው ነው። ሞንሮ ሳክስፎን ስለሚነፋ፣ ሌሎቹ የዘመኑ ባንዶች በጊታር ብቻ የሚሞሉትን ክፍል እነሱ በትንፋሽ ይሞሉታል። ሳክስፎን እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሄር ሜታል አልበም ላይ መገኘቱ ግን ብርቅ ነው። «አንደርዋተር ዎርልድ»ም ከሌሎቹ ተለይቶ ይሰማል፤ ሰፊና ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን፣ የሎስ አንጀለሱ የሮክ ባንድ ጋንስ ኤን ሮዝስ በ1987 በዓለም ዙሪያ ያስተጋቡት «ዌልካም ቱ ዘ ጃንግል» የሚለው ሐረግም በግጥሙ ውስጥ ይገኛል።

ድክመቱስ? አልበሙን የሚከፍተው የአሜሪካው ባንድ የክሪደንስ ክሊርዎተር ሪቫይቫል የ1970 ዘፈን «አፕ አራውንድ ዘ ቤንድ» ነው። የደመቀና በደንብ የተጫወቱት ቢሆንም፣ የራሱ ዜማ ሞልቶ የተረፈ ባንድ በተውሶ ዘፈን በሩን መክፈቱ አሁንም አይዋጥልኝም። የሞት ዘ ሁፕል ድምፃዊ የነበረው ኢያን ሃንተር በግጥሙ የተሳተፈበት «ቦይለር» ቀልዱ ቶሎ ያልቃል፤ «ካቲንግ ኮርነርስ» ደግሞ ማንም ባንድ ሊጫወተው የሚችል መዝጊያ ነው። አልበሙ በእንግሊዝ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ እስከ 28ኛ ደረጃ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በፊት ከነበሩት ሥራዎቻቸው አንጻር ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ቀጣዩ ዕቅድ አሜሪካ ነበር። በጉዞው ላይ ሞንሮ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ዝግጅቶች ተሰረዙ፤ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ሥራ ፈተው ሳለ፣ ዲሴምበር 8 ቀን 1984፣ ራዝል የሎስ አንጀለሱ ባንድ የሞትሊ ክሩው ድምፃዊ ቪንስ ኒል ጠጥቶ ሲያሽከረክረው በነበረው መኪና ውስጥ ሬዶንዶ ቢች ላይ በደረሰ ግጭት በ24 ዓመቱ ሞተ። በሌላው መኪና የነበሩ ሁለት ሰዎችም ክፉኛ ተጎዱ። ኒል ከአንድ ወር ያነሰ እስር ቀምሶ ወጣ፤ ከ2 ሚሊየን ዶላር በላይ ካሳም እንዲከፍል ተፈረደበት። ሃኖይ ሮክስ ክላሽ በተባለው የእንግሊዝ የፓንክ ባንድ የቀድሞ ከበሮ መቺ በቴሪ ቻይምስ ለመቀጠል ሞክረው በ1985 ተበተኑ። በ2001 ሞንሮና ማኮይ ስሙን መልሰው እስከ 2009 ሠርተውበታል፤ ያ ግን ሌላ ባንድ ነው ማለት ይቀላል።

ጋንስ ኤን ሮዝስ የሃኖይ ሮክስን ውለታ አልካዱም፤ ራሳቸው ታዋቂ ከሆኑ በኋላ የባንዱን ቀደምት አልበሞች ኡዚ ሱዊሳይድ በተባለው የራሳቸው አሳታሚ ስም በአሜሪካ አሳተሙላቸው፣ ሞንሮንም በ1991 «ባድ ኦብሴሽን» ላይ ሳክስፎንና ሃርሞኒካ አስነፉት።

አልበሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ሰው የመክፈቻውን ዘፈን ዘሎ ከ«አይ ካንት ጌት ኢት» እንዲጀምር እመክራለሁ። ከዚያ በኋላ «ኦል ዞዝ ዌስትድ ይርስ» የተባለውን፣ በለንደኑ ማርኪ ክለብ በቀጥታ የተቀረጸውን አልበም ቢያስከትል ኤዝሪን ከመምጣቱ በፊት ባንዱ ምን ይመስል እንደነበር በግልጽ ይሰማል። እዚያ ላይ ከሚጫወቷቸው ዘፈኖች አንዱ የአሊስ ኩፐር «አንደር ማይ ዊልስ» ነው፤ የዚያ ዘፈን የመጀመሪያ ቅጂ ፕሮዲዩሰር ደግሞ ራሱ ቦብ ኤዝሪን ነበር።