በመመሪያ መሥራት የሚወዱ ሰዎች
ዛሬ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ከጥራት ተቆጣጣሪዋ አጠገብ ቆሜ ዋልኩ። ማይክሮሜትሩን (ጥቃቅን ልዩነት የሚለካውን መሣሪያ) ትወለውላለች፣ ዜሮ ላይ መሆኑን ታያለች፣ ዘንጉን ትለካለች፣ ቅጹ ላይ ትሞላለች። ከዚያ ቀጣዩ። የሚፈቀደው ልዩነት የሚሊ ሜትር መቶኛ ሲሆን በእጅ የሞቀ ብረት እንኳ ልኬቱን ያዛባል፤ ለርዝመት ልኬት ዓለም አቀፉ መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተብሎ የተወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም።

«አይሰለችሽም?» አልኳት።

«እኔን የሚሰለቸኝ በየቀኑ ሐሳቡን የሚቀያይር አለቃ ነው» ብላ አሳቀችኝ።

እኛ «ፈጠራ፣ ፈጠራ» ስንል እንዲህ ዓይነቱን ሰው ግትር እንለዋለን። የሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን) ኦፕሬተር ወይም የካሊብሬሽን (የመለኪያ መሣሪያዎችን ትክክለኛነት የሚፈትሽ) ቴክኒሺያን ግን «እስቲ ዛሬ በራሴ መንገድ ልሞክረው» ቢል ጉድ ይፈላል። መድኃኒት ፋብሪካማ ይብሳል፦ ያልተመዘገበ ሥራ እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው።