ያገለገለ ዲጂታል ሬንጅፋይንደር ጅማ ላይ ስንት ያወጣል?

ጅማ፣ ሐምሌ

ከቀትር ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። በእንዲህ ያለ ቀን ሬንጅፋይንደር ስለሚባለው ካሜራ ዋጋ ሳስብ መጀመሪያ የሚታወሰኝ እርጥበቱ ነው። ሻጭ ሁልጊዜ «ብዙም አልተነሳበትም» ይላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጅማ ውስጥ ሦስት ክረምት በቆዳ ማኅደሩ ተዘግቶ ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ካሜራ በየቀኑ አደባባይ ሲወጣ ከኖረው ይልቅ የተጎዳ ሊሆን ይችላል። ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ አየር አይንቀሳቀስም፣ ሻጋታም የሚወደው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ስንት ፎቶ ተነሳበት የሚለው ቁጥር ለእኔ ዋናው መለኪያ አይደለም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ከተበላሸ እዚህ ሊጠገን የማይችለው የትኛው ክፍሉ ነው? ያ ክፍል ደህና ነው ወይ? ዋጋው ያለው እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግን የሚሸጠው ነገር በእርግጥ ሬንጅፋይንደር መሆኑ ይታወቅ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፉጂፊልም ኤክስ 100ን ወይም በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኤክስ ፕሮ 1ን «ሬንጅፋይንደር ነው» ብለው የሚሸጡ አሉ። ቅርጹ ይመስላል፣ ካሜራዎቹም ጥሩ ናቸው፤ ፎከስ የሚያደርጉት ግን በኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ ዋጋቸው በሌላ ሚዛን ይመዘናል። እውነተኛው ሬንጅፋይንደር በሌንሱ ውስጥ አያሳይም። ፊት ለፊቱ ከላይ በኩል የመመልከቻና የመለኪያ መስኮቶች አሉት። በመመልከቻው መሃል ደመቅ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን ትታያለች፤ የሌንሱ ቀለበት ሲዞር በውስጧ ያለው ሁለተኛ ምስል ወደ ጎን ይሄዳል፤ ሁለቱ ምስሎች ሲገጥሙ ፎከሱ ያዘ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ከሌንሱ ጀርባ ላይ የምታርፍ አንዲት ሮለር፣ አንድ ክንድና ጥቂት መስታወት ናቸው። አንድ ጊዜ መውደቅ፣ አልፎ አልፎም ረጅም መንገድ ላይ መንገጫገጭ፣ ይህን ልክ ሊያዛባው ይችላል። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ተፈትሾ በአውቶቡስ የመጣ ካሜራ እዚህ ሲደርስ እንደገና ይፈተሽ የምለው ለዚህ ነው።

ገበያው ላይ የሚገኙት ዓይነቶች ጥቂት ናቸው፤ የወጡበትን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። የመጀመሪያው በ2004 የወጣው ኤፕሰን አር ዲ 1 ነው፤ 6 ሜጋፒክስል፣ እንደ ፊልም ካሜራ በእጅ የሚሳብ ማንሻ ያለው። ቀጥሎ ላይካ ኤም 8 በ2006፣ 10 ሜጋፒክስል፤ ኤም 9 በ2009፣ 18 ሜጋፒክስል፣ ሴንሰሩም (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) የሙሉ ፊልም መጠን ያለው። ከዚያ በ2012 ይፋ የሆነው ኤም 240፣ በ2017 ኤም 10፣ በ2022 ኤም 11። ኤም 9 አዲስ ሳለ ያለ ሌንስ 7 ሺህ ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ ይህ ቁጥር ግን ዛሬ ለድርድር አይጠቅምም፣ ሻጭ ሲያነሳውም ዝም ብሎ ማሳለፍ ነው።

ፍተሻው ላይ ልቆይ። ሌንሱ እስከ መጨረሻው፣ ወደ ሩቅ ምልክቱ ይዞር። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቀጥ ያለ ነገር ይፈለግ፤ ጅማ ኮረብታ አላጣችም፣ በጅሬን በኩል ባለው ከፍታ ላይ አንድ አንቴና ወይም ለብቻው የቆመ ዛፍ ይበቃል። ማታ ከሆነ ጨረቃ። በመሃሏ አራት ማዕዘን ውስጥ ያለው ምስል ከዋናው ጋር ፍጹም መግጠም አለበት። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከተንሸራተተ ፎከሱ ስቷል። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ ከሆነ ዓይን ያደክማል እንጂ ፎከሱን እምብዛም አያስተውም፤ ቅናሹም ያነሰ ይሁን። ሌላ ሌንስ ከተገኘ ተቀይሮ ይደገም፤ በአንዱ ብቻ ከሳተ ጥፋቱ የሌንሱ ነው፣ በሁለቱም ከሳተ የካሜራው።

ሩቁ ደህና ሆኖ ቅርቡ ሊስት ስለሚችል በዚህ አይቆምም። ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ በ45 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ይደገፍ፤ መሃሉ ላይ፣ 15 ሴንቲሜትር ላይ እንበል፣ ጥቁር መስመር ይደረግበት። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 2 (የሌንሱ ቀዳዳ በሰፊው ተከፍቶ)፣ ከአንድ ሜትር ርቀት ያቺ መስመር ላይ ፎከስ ተደርጎ አምስት ፎቶ ይነሳ፤ በእያንዳንዱ መካከል ቀለበቱ ፈቀቅ ተደርጎ እንደ አዲስ ይያዝ። በዚህ ርቀት ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት በጠቅላላው ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ስለሆነ የሁለት ሴንቲሜትር ስህተት ምስሉ ሲሰፋ በግልጽ ይታያል። አምስቱም ወደ አንድ ወገን ከሳቱ ልኩ ተዛብቷል፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ከሆነ ግን ምናልባት የፎቶ አንሺው እጅ ነው፣ ሻጩ አይወቀስበት። ኤም 240፣ ኤም 10 እና ኤም 11 ላይቭ ቪው (በሌንሱ የሚገባውን ምስል ስክሪኑ ላይ በቀጥታ ማሳያ) ስላላቸው ይህ ይቀልላል፦ በሬንጅፋይንደሩ ከያዙ በኋላ ስክሪኑ ላይ አስፍቶ ማየት ነው። አር ዲ 1፣ ኤም 8 እና ኤም 9 ይህ የላቸውም።

የሮለሯን ልክ በራሱ ቁልፍ አዙሮ «አስተካከልኩት» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ሩቁና ቅርቡ ሁለቱም ይፈተሹ። ብዙ ጊዜ አንዱን ሲያቀኑ ሌላው ይጎብጣል። ሁለተኛው ምስል ደብዝዞ በጭንቅ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የመስኮቱ ውጫዊ መስታወት ላይ ያለ ቆሻሻ ከሆነ በጨርቅ ይነሳል፤ ከውስጥ ከሆነ ግን ተፈትቶ የሚሠራ ነው፣ እኔ ለሌላ ሰው እንኳ ግዛ አልልም።

አሁን ሴንሰሩ። ኤም 9፣ ኤም 9 ፒ፣ ኤም ኢ 220 እና ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያነሳው የመጀመሪያው ሞኖክሮም በጋራ የሚታወቁበት ሕመም አላቸው፦ የሴንሰሩ መሸፈኛ መስታወት በእርጥበት ይበላል። ላይካ ለተወሰነ ዓመት በነጻ ይቀይር ነበር፣ ኋላ በክፍያ አደረገው፣ አሁን የሚተካ ሴንሰር የለውም። ይህን ካሜራ እንደ ጅማ ባለ ከተማ የሚገዛ ሰው ሴንሰሩ ተቀይሮ እንደሆነ የሚገልጽ የጥገና ወረቀት ሊጠይቅ ይገባል፤ በቃል የተነገረ መቀየር እንደ አልተቀየረ ይቆጠር።

አፈታተሹ ቀላል ነው። ሌንሱ ኤፍ 16 (ጠባብ ቀዳዳ) ላይ ይደረግ፣ አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ስሜት) ዝቅተኛው ላይ፣ ፎከሱ ሩቅ ላይ። ወደ ነጭ ግድግዳ ቀርቦ፣ ካሜራውን በዝግታ እያንቀሳቀሱ ይነሳ፤ የግድግዳው ሸካራነት ይጠፋና ሴንሰሩ ላይ ያለው ብቻ ይቀራል። ሸተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ቢዘገይ ግድ የለም። ከዚያ ፎቶው ኮምፒዩተር ላይ በሙሉ መጠኑ ከጥግ እስከ ጥግ ይታይ። አቧራ ተራ ጥቁር ነጥብ ነው፤ በእጅ የሚጨመቅ የአየር መንፊያ ሲነፋበት ይሄዳል ወይም ቦታ ይለውጣል። በአፍ ግን አይነፋ፣ ምራቅ ይረጫል። የተበላ መስታወት ነጥቡ ዙሪያውን ፈዛዛ ቀለበት አለው፤ ቢነፉት ቢጠርጉት ካለበት ንቅንቅ አይልም። ይህ ሁሉ በኤፍ 2 በተነሳ ፎቶ ላይ አይታይም። ስለዚህ ሻጭ በስልክ የላካቸው የሚያማምሩ፣ ጀርባቸው የደበዘዘ ፎቶዎች ስለ ሴንሰሩ ምንም አይመሰክሩም።

ለሻጭም መፍረድ ያለብን ቦታ አለ። ኤም 8 ጥቁር ሰው ሠራሽ ጨርቅን ወይን ጠጅ አድርጎ ያሳያል፤ ጥቁሩ የናይለን ጃኬት ሐምራዊ ይሆንና ገዢው «ቀለሙ ተበላሽቷል» ብሎ ዋጋውን በግማሽ ሊሰብር ይነሳል። ብልሽት አይደለም። ሴንሰሩ ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን አብሮ ስለሚቀበል ነው፤ ሌንሱ ላይ የሚጠለቀው የዩቪ አይአር ማጣሪያ ያስተካክለዋል። መጠየቅ ያለበት ማጣሪያው አብሮ ይሰጣል ወይ፣ ለየትኛው ሌንስ መጠን፣ 39 ነው 46 ሚሊሜትር የሚለው ነው። የሌለው ከሆነ የማጣሪያው ዋጋ ይቀነስ፣ ከዚያ ያለፈ አይደለም። የኤም 8 የኋላ ስክሪን ጠርዝ ላይ ቡና የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ እድፍ የሚወጣበትም ጊዜ አለ፤ ፎቶውን አይነካም፣ ትንሽ ቅናሽ ይበቃዋል። ጥቁር ቀለሙ ተልጦ ናሱ የወጣበትም እንዲሁ ነው። ከመመልከቻ መስኮቱ አጠገብ ያለ ስርጉድ ግን ወዲያው ወደ ሬንጅፋይንደሩ ፍተሻ ይመልሰኛል።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ። ሸተሩ በትልቁ ፍጥነት፣ ኤም 9 ላይ 1/4000፣ ኤም 8 ላይ 1/8000፣ ወደ ሰማይ ይሞከር፤ ምስሉ በአንድ በኩል ከጠቆረ እየደከመ ነው። አር ዲ 1 የሚቀበለው እስከ 2 ጊጋባይት ያለውን አሮጌውን ኤስዲ ካርድ ብቻ ነው፤ ካርዱን ሳይዙ መሄድ ሳይፈትሹ መመለስ ነው። ኤም 8 እና ኤም 9 በባትሪ ይስማማሉ፣ ኤም 240 እና ኤም 10 የየራሳቸው አላቸው፤ ቻርጀር የሌለው ካሜራ ያልተሟላ ዕቃ ነው። ሌንሱ ለብቻው ይተመን። ቀዳዳው ሙሉ ተከፍቶ ከኋላ የእጅ ባትሪ ሲበራበት እንደ ሸረሪት ድር ያሉ ክሮች ከታዩ ሻጋታ ገብቷል፤ የመስታወቱን ሽፋን ስለሚበላ ቢጸዳም አሻራው ይቀራል።

ሒሳቡን እንዲህ ነው የምይዘው። ጅማ ላይ ለሠርግ ካሜራ ቀን በቀን የሚታወቅ ዋጋ አለ፣ ለሬንጅፋይንደር የለም፤ ስለዚህ መነሻው ውጭ አገር በእውነት የተሸጠበት ዋጋ ነው፣ የተጠየቀበት አይደለም። ሴንሰሩ የተቀየረና ልኩ የተጠበቀ ኤም 9 መቶ ነው እንበል። ሴንሰሩ ያልተቀየረ ነገር ግን ነጥብ የሌለበት ለእኔ 75 ነው፣ የነገውን ክረምት ስለማላውቅ። ነጥብ የጀመረው ቢበዛ 50፤ እሱም በሰፊ ቀዳዳ ብቻ ሊያነሳበት ለወሰነ ሰው። ከ75ቱ ላይ ለሬንጅፋይንደሩ ማስተካከያና ለደርሶ መልስ መላኪያ 12፣ ለደከመ ባትሪ 4 ቢቀነስ 59 ይቀራል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ብር የሚመነዘረው፣ በዕለቱ የባንክ ዋጋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በፊት የተገዛበትን የብር ዋጋ ሻጭም ገዢም ይዘው ቢከራከሩ አይግባቡም። ዕቃው አገር ውስጥ መግባቱ ግን ለሻጩ ዋጋ አለው፦ ገዢው ራሱ ቢያስመጣ የሚያወጣውን መጓጓዣና ቀረጥ አስቦ ከዚያ ውስጥ ከፊሉን ቢጨምርለት ተገቢ ነው እላለሁ።

«የመጨረሻው ስንት ነው?» ከመባሉ በፊት ፎቶዎቹ ተከፍተው ሁለቱም ወገን አብረው ይዩዋቸው። ቅናሹ ከምን እንደመጣ በዓይኑ ያየ ሻጭ አይቀየምም። ከተስማሙ ቀብድ ተከፍሎ፣ የካሜራው መለያ ቁጥር በወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ገዢው ሁለት ቀን ይፈትሸው፤ ቀሪው ከዚያ በኋላ ይከፈል። ካሜራው ቤት ሲገባ ከቆዳ ማኅደሩ ወጥቶ፣ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ይቀመጥ፤ ሲሊካው እርጥበት ሲጠግብ ይቀየር፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም።